የሌለኝ ወንድም ልቅሶ

በደርግ ጊዜ መምህርት ሆኜ ከደሴ ወደ አዋሳ ስዛወር ዘመድም ወዳጅም አልነበረኝም። መናኸሪያ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ እሑድ እሑድ የአውቶቡስ ጥሩምባ ስሰማ እውላለሁ። ብቸኝነቱ ስለበዛብኝ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ለዘማች ቤተሰብ በፈቃደኝነት የሚሠራ ሲፈልግ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ውሃ ቀዳን፣ ቤት መረግን፣ መፈክር አሰማን። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል፤ ወደ እኔ ጎራ የሚል አልነበረም።

ከአጥሬ ማዶ ማኅበሩ የማይረግጠው አንድ ቤት ነበር። ባልየው አናጺ ነው፤ ታስሯል። ሚስቱ አራስ ናት፣ ወገኖቿ ሩቅ ገጠር ናቸው፤ ጎረቤቱ ደግሞ መዘዝ ፈርቶ እግሩን ሰብስቧል። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ጠርታኝ፣ ለባሌ ስንቅ ታደርሺልኛለሽ ወይ አለችኝ። እሺ አልኩ። ደፋር ስለሆንኩ አይደለም፤ አዋሳ ከገባሁ ወዲህ የፈለገኝ ሰው እሷ ብቻ ስለነበረች ነው።

ከዚያ ወዲህ በየምሳ ሰዓቱ ሰፈርታሷን ይዤ እስር ቤቱ በር ላይ እሰለፋለሁ። ስመለስ ክዳኑን ከፍታ ታያለች፤ ባሏ መብላቱን ስታውቅ ፊቷ ይፈታል። ልጁ አንገቱ ጸንቶ መሳቅ እስኪጀምር እንዲሁ ቀጠልን።

አንድ ቀን ጠባቂው ሰፈርታሱን ሳይከፍት መለሰልኝ።

"እዚህ የለም። ሁለተኛ እንዳታመጪ።"

የዚህን ትርጉም ያን ጊዜ የማያውቅ አልነበረም፤ ተገድሏል ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ሟች ማልቀስ ደግሞ ክልክል ነበር።

ስንቁ እንዳለ መመለሱን ስታይ ገባት። በሩን ዘጋችና ድምፅ እንዳይወጣት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ከዚያ ነጠላውን ከአፏ አውጥታ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"አንቺ ለአገሩ እንግዳ ነሽ፤ ማንም አይመረምርሽም። መርዶ መጣልኝ በይ። እኔ አንቺን ላስተዛዝን መጥቼ ላልቅስ።"

በሕይወት ያለውን ሞተ ማለት ሟርት መስሎ ስለታየኝ የሌለኝን ወንድም ገደልኩ። በማግስቱ ጠዋት ጩኸቴን ሳቀልጠው፣ ሰላምታ እንኳ ሰጥተውኝ የማያውቁ ሰዎች ከየቤቱ ወጡ። ዕድር ሳይኖረኝ አግዳሚ ወንበር መጣልኝ፣ ንፍሮ ተቀቀለልኝ። እሷ ልጇን አዝላ ከጎኔ ተቀመጠችና ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። ቤቴ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም፤ ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ አልቃሽ የሆኑ አንዲት እማማ ተነሡ። ስለ ወንድሜ ምንም አልጠየቁኝም ነበር። መጋዝህን ለማን ሰጠኸው፣ ጨቅላህን ማን ያሳድግልህ እያሉ ሙሾ ያወርዱ ጀመር። የእኔ ወንድም መጋዝም ልጅም የለውም። ቀና ብዬ ሰዉን ሳይ ሁሉም መሬት መሬቱን እያየ ያነባል።

እስከ ሣልስቱ እንዲሁ ተለቀሰ። ሲሰናበቱ እጄን ይዘው እግዜር ያጽናሽ ይሉኛል፤ ዓይናቸው ግን እሷ ላይ ነው። ለእሷ ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ወንበሩ ተነሥቶ፣ ሰዉ ተበትኖ፣ እሷም ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ለእኔ የመጣ አንድም እንዳልነበረ ገባኝ። በሬን ዘግቼ ለዚያ ለሌለኝ ወንድም ከልቤ አለቀስኩ።