ኦፕሹን ማለት ምርጫ ነው ያልኩ ቀን

የመጀመሪያ ቀን ሥራ ስገባ ሼፌ በሁለት ቁጥር የሚበልጠኝ ቦት ጫማና አንድ ካርቶን ብርቱካናማ ሪባን ሰጠኝ። ሼፍ ስል ወጥ ሠሪ እንዳይመስላችሁ፤ እዚህ አገር በስዊድንኛ አለቃ ማለት ነው። ስሙ ፔር ይባላል። «ካርታው የሚያሳይህ ዛፍ ላይ እሰር» አለኝ፣ በቃ። ጂምናሲየም የሚሉትን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ በየመጋዘኑ ሳጥን ስሸከም የከረምኩ የአካላ ሰፈር ልጅ ነኝ። ለዛፍ ክራቫት ማሰር ምን ይከብደኛል?

ድርጅታችን የንፋስ ተርባይን የሚተከልበት መሬት ይከራያል። ፔር ባለመሬቶቹን ያናግራል፣ ያስፈርማል። እኔ የመለኪያ ዘንግ እይዛለሁ፣ ሪባን አስራለሁ። ሪባኑ ታስሮ ሲያልቅ መንገዱ የት እንደሚያልፍ፣ ተርባይኑን የሚያነሳው ክሬን የት እንደሚቆም በዓይን ይታያል። ሰው ተርባይን ሲባል የምሰሶውን እግር ብቻ ነው የሚያስበው። ክሬኑ ራሱ የኳስ ሜዳ ግማሽ የሚያህል ደልዳላ ቦታ ይበላል።

በሦስተኛው ወር ፔር «ዛሬ አማርኛህን እፈልጋለሁ» አለኝ። ከሶደርተልየ ከተማ ወጣ ብሎ ጋሼ ወርቁ የሚባሉ ሰው ጫካና ትንሽ እርሻ አላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲገጣጥሙ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የገዙት ነው።

«የኔ ስዊድንኛ ብሎን ላይ ነው የሚሠራው» አሉኝ ገና እንደገባን። «ውል ላይ ሲደርስ ይላላል። አንተ አስረዳኝ ልጄ።»

ሚስታቸው እትዬ አልማዝ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንድ አንድ ደረጃ እያሉ ከፎቅ ወረዱ። ጉልበታቸው አልቋል። ጋሼ በመስኮት የጫካው ጠርዝ ላይ ያለውን ሜዳ አሳዩኝ። እዛ ደረጃ የሌለው ቤት ሊሠሩላቸው ነው። የመሠረቱን ድንጋይ ራሳቸው ለቅመው ከምረውታል።

«ከአልጋዬ እስከ ማድቤቴ አንድ ደፍ የለውም» አሉ እትዬ። «እሱ ከጨረሰው ነው እንግዲህ። የዶሮ ቤት እንኳን ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል።»

«ዶሮዎቹ ግን አላማረሩም» አሉ ጋሼ።

ፔር ወረቀቱን ዘረጋ። ጋሼ አናቱ ላይ ያለው ቃል ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ኦፕሹን... ይሄ ምንድነው?»

«ምርጫ ማለት ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው ካልተስማማኝ መተው እችላለሁ?»

«አዎ፣ ምርጫ ነዋ!»

ፔርን አልጠየቅኩትም። አስተርጓሚ መባሉ ሞቅ አድርጎኝ ነበር፤ አፌ ደግሞ ይፈጥናል። ጋሼ «በሳምንቱ ኑ፣ እፈርማለሁ» አሉ።

በሳምንቱ ሄድን። ፔር ወደ ጋሼ ቤት ሲገባ እኔ ሪባኔን ይዤ ወደ ሜዳው ወረድኩ። ካርታው እየመራኝ አሰርኩ፣ አሰርኩ። የክሬኑ ቦታ የመጨረሻ ጥግ የጋሼ ድንጋይ ክምር ላይ ወደቀ።

ሮጬ ገባሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው እስክሪብቶ ይዘዋል። ፔርን በስዊድንኛ «ሜዳው ላይ ቤት ልሥራ ቢሉስ?» አልኩት።

«በኦፕሹኑ ጊዜ አይቻልም» አለ ረጋ ብሎ። «ውሉ መሬቱን በሙሉ ነው የሚይዘው። አምስት ዓመት እናጠናለን፣ ከዛ ወይ እንተክላለን ወይ እንተዋለን።»

«እሳቸው መተው አይችሉም?»

«አይችሉም። ምርጫው የኛ ነው።»

ወደ ጋሼ ዞርኩ። «ጋሼ፣ እንዳይፈርሙ! ተሳስቼ ነው ያስረዳሁዎት። ምርጫው የነሱ ነው። እርስዎ ከፈረሙ በኋላ ይጠብቃሉ እንጂ አይመርጡም። ቤቱንም አምስት ዓመት አይሠሩም።»

«አምስት ዓመት? በዚህ ጉልበት?» አሉ እትዬ፣ ዞረው ደረጃውን እያዩ።

ጋሼ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «እስቲ ጠይቅልኝ» አሉ፤ «ሜዳውን ከውሉ ያወጣዋል? ተርባይኑ ሲያረጅ ማን ነው የሚነቅለው? ድርጅቱ ቢከስርስ? ውሉን ለሌላ ቢሸጠውስ?» አንድ በአንድ ተረጎምኩ። ያልገባኝን ቃል ሁሉ አሁን ፔርን እየጠየቅኩ።

ቬሊንግቢ ወዳለው ቢሯችን በመኪና ስንመለስ ፔር ሬዲዮውን ዘጋ። «ያልገባህን ቃል ለምን አልጠየቅከኝም?» አለ።

«አንተስ ገብቷቸው እንደሆነ ለምን አልጠየቅካቸውም?» አልኩት። ከሥራ የተባረርኩ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ፊካ በሚሉት የቡና እረፍት ሰዓት ቡናውንና ውሉን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አስረዳኝ። አንዳንዱ ቦታ ላይ እሱም ራሱን አከከ።

እስከዛሬ የሚያናድደኝ ግን ውሉ አናት ላይ ያለው ቃል ነው። «እኛ እንመርጣለን፣ አንተ ትጠብቃለህ» ብለው ቢጽፉ ቀለም ያልቅባቸው ነበር?

ጋሼ ወረቀቱን የራሳቸውን ጠበቃ አስነበቡ። ሜዳው ከውሉ ወጣ፣ ተርባይኑ ወደ ጫካው ማዶ ተገፋ። ድርጅቱ ቢከስር እንኳን የመንቀያው ወጪ ዋስትና እንዲኖረው ተጻፈ። ከዛ ፈረሙ። ድንጋዩ አጠገብ ያሰርኩትን ሪባን ራሴ ሄጄ ፈታሁት።

አምስት ዓመቱ አለቀ። ድርጅቱ ተወው፤ አንድም ተርባይን አልተተከለም። ምርጫው የነሱ ነበር። እትዬ አልማዝ ግን አምስቱን ዓመት ደረጃ ላይ ሆነው አልጠበቁም። «ከዶሮ ቤቱ ፈጥኗል» ይላሉ ጋሼ ሜዳው ላይ ስለሠሩላቸው አዲስ ቤት።

መሬት ካላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሪባኑን አሳስሩና በእግራችሁ ዙሩት። ወረቀቱ ላይ ኦፕሹን የሚል ቃል ካለ ደግሞ መራጩ ማን እንደሆነ ጠይቁ።