አጉሊ መነጽር ልናዝዝ ተቀምጠን

ዓርብ፣ ኅዳር 22 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ንፋስ መውጫ። እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት የሸጥኩት፦ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ የሶላር መብራት፣ ሦስት ጀሪካን። ለዓርብ አይከፋም።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ገጽ ላይ የለጠፍኩትን ታስታውሳላችሁ? መብራት ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር አጉሊ መነጽር። አንድ የአዲስ አበባ ሻጭ በቴሌግራም የሚሸጠው ነው። «ይሄን ደግሞ ማን ይገዛዋል ብለሽ ነው?» ብላችሁ የሳቃችሁብኝ ነበራችሁ። ይኸው ገዢው ዛሬ ሱቄ ድረስ መጣ።

የኔታ ጥበቡ ናቸው፤ ከእኛው ቤተ ልሔም በኩል፣ የድጓ መምህር። ጎረቤታቸው ሥዕሉን በስልኩ አሳይቷቸው፣ ድጓቸውን በነጠላ ጠቅልለው በሚኒባስ መጡ። ድጓ የዜማ መጽሐፍ ነው፤ ከቃሉ በላይ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ የዜማ ምልክቶች ተደርድረውበታል።

«ቃሉንስ በቃሌ ይዤዋለሁ» አሉኝ። «ያስቸገረኝ ምልክቱ ነው። የተማሪዎቼን መጽሐፍ የማርመው ከዚህ እያየሁ ነው። እኔ አንዲቷን ከሳትኩ እነሱ ይዘዋት አገር ያዳርሷታል። ይሄ መስታወት ካልሆነልኝ ወንበሬን ዓይን ላለው እለቃለሁ።»

እንዲህ ከሆነማ በሥዕል ብቻ አላዝም። እኛ ዘንድ ገብስ የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ ያለውን አይቶ አይከፍልም፤ እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ ከታች ያለውን ዘግኖ ያወጣል። ኢንተርኔትም ያው ጆንያ ነው። ለሻጩ ጻፍኩለት።

«ወንድሜ፣ መስታወቱ ትንሽ ጽሑፍ ሲያጎላ በቪዲዮ አሳየኝ።»

«እህት፣ ሥዕሉ ላይ አለልሽ እኮ!»

«ሥዕሉ ላይ ያለው የፈረንጅ ፊደል ጣት ጣት ያክላል። እሱንማ ያለ መስታወትም እናየዋለን።»

«እሺ፣ የምታነቢውን ጽሑፍ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ እሞክረዋለሁ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጨመረ፤ «ደንበኛ ሁሉ እንዳንቺ ቢሆን ሱቄን ዘግቼ እመነኩስ ነበር።»

ሳነብላቸው የኔታ «ይምጣ፤ ቦታ አለን» አሉ።

ገጹን ራሳቸው ገለጡ። «ይቺን አንሺ፤ ከሁሉም የምታደክመኝ እሷ ናት።» በሩ ጋ ወደ ብርሃኑ ወጥቼ አነሳሁ። ከመላኬ በፊት ጠርቶ እንደሆነ ለማየት በሁለት ጣቴ ፎቶውን ሰፋ አደረግሁት...

የኔታ በትከሻዬ በኩል ያያሉ። ድንገት እጄን ያዙኝ።

«ቆይ... እዚያው ላይ። ጨምሪው።»

ጨመርኩት።

«ወደ ቀኝ... አዎ። ይቺ ነጥብ ምን ትመስልሻለች?»

ስለ ዜማ አላውቅም። ግን ሃያ ዓመት ነጭ ጨርቅ ሸጬ ዝንብ የነካውን ባላውቅ ነበር የሚገርመው። ሌሎቹ ነጥቦች ክብና ጥቁር ናቸው፤ ይቺ ቡኒ ናት፣ ዳሯም ፈሰስ ብሏል።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝና... የዝንብ ኩስ ናት።»

ስልኩን ከእጄ ወስደው አቀረቡት፣ አራቁት፣ እንደገና አቀረቡት። ከዚያ ቀስ ብለው ዱካው ላይ ተቀመጡ።

ነገሩን የነገሩኝ ያኔ ነው። በድጓ ነጥብ «ይዘት» ትባላለች፤ ዜማውን እዚህ ላይ ያዝ አድርግ ማለት ናት። አምና ዮሐንስ የሚባል ተማሪያቸው ተመርቆ ሊሄድ ሲል መጽሐፉን እያረሙ «እዚህ ላይ ይዘት ጎድሎሃል» አሉት። ልጁም «የኔታ፣ እርስዎ በቃል የነገሩኝ ያለ ይዘት ነው» ብሎ ተከራከረ። ከራሳቸው ቃል ይልቅ መጽሐፉን አመኑ፤ በጉባኤው ፊት ገሥጸው ነጥቧን አስጻፉት። ዛሬ ዮሐንስ ስማዳ፣ ወገዳ አጠገብ መሪጌታ ሆኖ እሱም ተማሪ ይዟል።

«ይኸው አንድ ዓመት ሙሉ» አሉ፤ «ዝንብ የጣለችውን ስማዳ ላይ እያዜሙት ነው። ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ።»

ሊያለቅሱ ነው ብዬ ፈራሁ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ... ለካ እየሳቁ ነው።

«አርባ ዓመት ሳስተምር እንደዚች ዝንብ በአንድ ቀን መምህር የሆነ አላየሁም!»

ሻጩ እዚያ ማዶ ይጠብቃል። «እህት፣ ፎቶውስ?»

«ይቅር ወንድሜ፤ ስልኬ ቀደመህ» አልኩት።

መሳቢያዬ ውስጥ ጥጉ የተሰነጠቀ፣ ካሜራው ግን ደህና የሆነ አሮጌ ስልክ ነበረኝ፤ እሱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ማንሳቱንና ማስፋቱን ለየኔታ አሳየኋቸው፤ ሁለቴ ብቻ ነው ያሳየኋቸው። ወዲያው ሌላ ገጽ ገልጠው ምልክቶቹን አንድ በአንድ እየጠሩ እስከ ታች ወረዱ። ወንበር የመልቀቁን ነገር ዳግም አላነሱትም።

«ሲም አታግቢበት» አሉኝ። «የሚጮኽ ነገር ጉባኤ ቤት አይገባም።»

ከዚያ ወረቀት ጠየቁኝ። ባንኮኒው ላይ ተደግፈው፣ በትልልቁ ጻፉ፤ አጥፈው ከመስጠታቸው በፊትም አነበቡልኝ። «ልጄ ዮሐንስ፣ ልክ ነበርህ። ነጥቧን ፋቃት። የገሠጽኩህ በጉባኤው ፊት ነበር፤ መሳሳቴንም በጉባኤው ፊት እናገራለሁ።»

ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ማካፈሌን አልተውም። ግን ከእንግዲህ ዕቃ ከመለጠፌ በፊት፣ ያንኑ ሥራ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ይሠራው እንደሆነ አያለሁ።

ነገ፦ በጠዋቱ በአይሱዙ ወደ ወገዳ። ባቄላ መጫን፤ ከመጫኑ በፊት ወረቀቱን ለመሪጌታ ዮሐንስ በእጃቸው መስጠት።