የመጨረሻው ኦርደርና የጋሽ ይልማ ማኅተም

አንድ ሰኞ ጠዋት ነው... ሥራ ገብቼ ጓንቴን ሳላጠልቅ፣ ጋሽ ይልማ ጠረጴዛቸው ላይ አጎንብሰው አንዲት ብረት ትክ ብለው ሲያዩ አገኘኋቸው። ሰላም አልኳቸው... አልሰሙኝም።

ጊዜው በፈረንጆቹ የሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው። ከሱዳን መጥቼ ሳን ሆዜ ውስጥ አንዲት ትንሽ የብረት ሥራ ሾፕ ተቀጥሬያለሁ። የምንሠራው ሰውም ዕቃም ለሚጭን አንድ ትልቅ ባለ ሦስት ሞተር ጄት የዕቃ በሩን ማጠፊያ ነበር። እኔ ጠርዙን እሞርዳለሁ። ጋሽ ይልማ ኢንስፔክተር ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው የቀሩ ኢንጂነር። የሳቸው ማኅተም ካላረፈበት አንድም ዕቃ ከሾፑ አይወጣም።

ስገባ ሃያ ሁለት ሠራተኞች ነበርን። ከዚያ አየር መንገዶቹ ነዳጅ ተወደደ፣ ሁለት ሞተር ይበቃናል እያሉ ያንን ጄት ማዘዝ ተዉ። ባለቤታችን ሬይ በየሰኞው የሳምንቱን ኦርደር ሰሌዳ ላይ ይጽፍ ነበር። ቁጥሩ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ... ሰሌዳው ባዶውን የሚውልበት ሳምንት መጣ። ሌይኦፍ በሌይኦፍ ሆንን፤ በየጊዜው ሰው ከሥራ ይቀነሳል። ያን ሰኞ የቀረነው ስድስት ስንሆን፣ እጃችን ላይ ያለውም አንድ ኦርደር ብቻ ነበር።

ጋሽ ይልማ በመጨረሻ ቀና ብለው ጠሩኝ። ማጠፊያውን ቀይ ቀለም ቀብተው፣ ጠርገው፣ ነጭ ዱቄት ነስንሰውበታል። ስንጥቅ ካለው ቀለሙ ከውስጥ ብቅ ይላል። አየሁት... ከጠጉር የቀጠነች ቀይ መስመር።

ይጣላ እንግዲህ አልኳቸው።

ችግሩ ግን እሱ አልነበረም። ብረቱ ከየትኛው ዘንግ እንደተቆረጠ መዝገባቸውን አገላብጠው አይተዋል። ባለፈው ወር የላክናቸውም ከዚያው ዘንግ ናቸው። ደንቡ ከአምስቱ አንዱን መመርመር ስለነበር፣ የተመረመሩት ደህና ሲሆኑ ሁሉም ላይ ማኅተማቸውን መትተዋል። አሁን ለጄቱ አምራች ደውለን እንንገር ነው የሚሉት።

ደነገጥኩ። እህቴ ካርቱም ቁጭ ብላ እኔ ስፖንሰር እንዳደርጋት ትጠብቃለች፤ ሥራ ከሌለኝ ወረቀቷ ይቆማል። እሳቸውም የሦስት ልጆች አባት ናቸው። ኦርደር ለመቀነስ ሰበብ የሚፈልግ ደንበኛ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣

«ጋሼ፣ አውሮፕላኑ ራሱ እኮ እያለቀለት ነው። ማን ያየዋል ብለው ነው?» አልኳቸው።

አልተቆጡኝም። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«መሠራቱ ነው የሚያበቃው፣ ሰናይት። የተሠራው ገና ሃያ ዓመት ይበራል።»

ከዚያ ሬይ ቢሮ ገቡ። በመስታወቱ እናያለን... ሬይ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። በኋላ ስልኩን ራሱ አንስቶ ለአምራቹ ኮል አደረገ። ያን ቀን ምሳ ሰዓት ከጋሽ ይልማ ጋር አንድ ጠረጴዛ የተቀመጠ ሰው የለም። እኔም አልተቀመጥኩም።

ሐሙስ መልስ መጣ። ከላክናቸው አብዛኞቹ ገና መጋዘን ስለነበሩ ተይዘዋል። ሁለቱ ግን ኦክላንድ ለጥገና የቆመ አንድ የጭነት ጄት ላይ ተገጥመዋል። ተፈትተው ይመረመራሉ፣ ጋሽ ይልማም መዝገባቸውን ይዘው ይምጡ ተባለ። ዓይናቸው የሩቁን አላሳይ ስላላቸው መኪና መንዳት ትተው ነበር... የቅርቡ ግን አያመልጣቸውም። ሬይ እኔ እንዳደርሳቸው አዘዘኝ።

እስከ ኦክላንድ ድረስ አኩርፌ ነዳሁ።

አውሮፕላን የሚጠገንበት ሀንጋር ውስጥ ስንገባ ኩርፊያዬን ረሳሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ መዳፌን የምታህል ብረት ስሞርድ፣ ጄቱን አንድ ቀን ከአጠገቡ ቆሜ አይቼው አላውቅም። ሆዱ ሥር ሆኜ ቀና አልኩ... ክንፉ እንደ ጣሪያ ከላዬ ተዘርግቷል። ሦስተኛው ሞተር ጭራው ላይ፣ ፎቅ የወጣ ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጧል። የዕቃ በሩ ብቻ የእኛን ሾፕ ግድግዳ ያክላል። ያንን የሚያህል በር ይዘን የኖርነው እኛ ነን? ጋሽ ይልማ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። እሳቸውም እንደኔ አፋቸውን ከፍተው ነበር።

ሜካኒኮቹ ሁለቱን ማጠፊያዎች ፈትተው ቀዩን ቀለም ቀቡ። ጠረጉ። ዱቄቱን ነሰነሱ። ጠበቅን...

ነጭ። ሁለቱም ንጹሕ ነጭ።

እኔ አፈርኩላቸው። ያ ሁሉ ሰው በከንቱ የደከመ፣ ሥራችንም በከንቱ የሚሄድ መሰለኝ። ጋሽ ይልማ ግን ፊታቸው በርቶ ሳቁ፤ የሜካኒኮቹን እጅ አንድ በአንድ ጨበጡ። የሜካኒኮቹ አለቃ ይህን ጉዳይ አንሡ ብሎ ያዘዝዎት ማነው ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ማንም አላዘዘኝም፣ ማኅተሙ የኔ ነው አሉት።

ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ያለችው ፍሪሞንት ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ለካ ከሰኞ ጀምሮ በቅጡ አልተኙም። ሬዲዮኑን አጠፋሁና ቀስ ብዬ ነዳሁ።

መጋዘን ከነበሩት ውስጥ ግን ሦስቱ ተሰንጥቀው ተገኙ። ይህን የሰማን ቀን ምሳ ላይ ሁላችንም ወንበራችንን እየጎተትን ወደ ጋሽ ይልማ ጠረጴዛ ሄድን። እሳቸው ሳንድዊቻቸውን እየበሉ ነበር፤ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡን።

አምራቾቹ ኦርደሩንም አልነጠቁንም። ጨርሰን አስረከብን... ከዚያ በኋላ ግን ሌላ አልመጣም፤ ጄቱ መሠራቱ ቀረ። እህቴ በመስከረም ገባችልኝ፣ ሾፑ የገና በዓል ሲቃረብ ተዘጋ።

በመጨረሻው ቀን ሬይ ለእያንዳንዳችን የምስክርነት ደብዳቤ ጻፈልን። የኔ ሙሉ ገጽ ነው፤ ትጋቷ፣ ሰዓት አክባሪነቷ፣ ፈገግታዋ ሳይቀር። ጋሽ ይልማ የሳቸውን አንብበው ኪሳቸው ከተቱት። ለምኜ ለምኜ አሳዩኝ። አንዲት መስመር ናት።

«ይህ ሰው ደህና ነው ካለ፣ ደህና ነው።»

እሳቸው በዚያች አንድ መስመር በሳምንቱ ኦክላንድ፣ ያው ሀንጋር ውስጥ ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ ሠሩ... እኔ በሙሉ ገጼ ሥራ ለማግኘት አምስት ወር ፈጀብኝ።