የማይጠፋው ሰዓት

ትናንት አንዲት ተማሪ ሰዓቷን አምጥታ ጥገና ሱቄ ባንኮኒ ላይ አስቀመጠችው። ስማርት ሰዓት ነው፤ የጎኑ ቁልፍ አልጫን ብሏል።

«ማን ሰጠሽ?» አልኳት።

«እጮኛዬ» ብላ ፈገግ አለች። እኔ ፈገግታው አልመጣልኝም።

ከዓመታት በፊት እኔም እዚሁ ደብረ ታቦር ኤሌክትሮኒክስ እማር ነበር። አንበሳሜ ከተማ እህል የሚነግድ ይበልጣል የሚባል ሰው ሽማግሌ ላከ፤ ቤተሰቤም እሺ አለ። በቀለበት ፈንታ እንዲህ ያለ ሰዓት ሽማግሎቹ ፊት እጄ ላይ አሰረልኝ፤ እነሱም መረቁት። ሽማግሌ የመረቀውን ማውለቅ ደግሞ ቃል ማፍረስ ነው። ሲም ካርድ አለው፣ ይደወልበታል። «ቁልፉ ተሰብሮ ነው የመጣ፤ አትነካኪው» ብሎኝ ነበር። አምኜው! ሳስበው እስካሁን ደሜ ይፈላል።

ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ። ጭቃው ጫማ ይነቅላል። ከቅዳሴ መልስ ከከተማው ወጣ ብሎ ጋፋት መንደር አክስቴ ዘንድ ወርጄ ትኩስ ድንች በአዋዜ እየበላሁ ሳለ ሰዓቱ ጮኸ።

«ጋፋት ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ ይበልጣል።

«ማን ነገረህ?»

«ሰዓቱ ነዋ! ያለሽበትን ስልኬ ላይ ያሳየኛል። ሁለተኛ ሳታስፈቅጂኝ ከከተማ እንዳትወጪ።»

ድንቹን መልሼ አስቀመጥኩት። አባቴ እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም! ላጠፋው ቁልፉን ብጫን ብጫን፣ ወይ ፍንክች።

ቤት ገብቼ ጀርባውን በቀጭን ካቻቢቴ ፈታሁት። ውስጡ ደህና ነው፤ የተሰበረ ነገር የለም። የቁልፉን ዙሪያ በመርፌ ስፍቀው ግን የደረቀ ሱፐር ግሉ እየተፈረፈረ ወደቀ። ለካስ እንዳላጠፋው አጣብቆ ነው የሰጠኝ! ፍርፋሪውን በወረቀት ጠቀለልኩት።

«ይህን ሰው አላገባም» አልኳት እናቴን።

«ኧረ ልጄ! ሽማግሎቹን በምን ዓይኔ ልያቸው?»

«ጥሪያቸው፤ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

እሑድ ሽማግሎቹ መጡ፤ ይበልጣልም አብሯቸው። ሰዓቱን ከነሙጫው ፍርፋሪ ፊታቸው አስቀመጥኩና የሆነውን ነገርኳቸው።

«ብወዳት ነው» አለ ይበልጣል፣ ምንም ሳያፍር።

«ደወል ለላም ነው የሚታሰር!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

የሽማግሎቹ አለቃ አያ ደምሴ ሰዓቱን አንስተው ጥቂት አገላበጡት። ከዚያ ወደ ይበልጣል ዞሩ።

«ፍቅር ከሆነማ ምን ገዶን። እስከ ሠርጉ አንተ እሰረው፤ ያለህበትን የሚያሳየውን ስልክህን ለእሷ ስጣት።»

«እኔን?» ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። «እኔ ወንዱ ልጅ በሴት ልጠበቅ?» በሩን አላግቶ ወጣ።

«በሉ፣ ምርቃታችንን አንሥተናል» አሉ አያ ደምሴ።

የተማሪዋን ሰዓት ከፈትኩት። ላብና አቧራ ብቻ ነው፤ ሙጫ የለበትም። እፎይ አልኩ። ጠርጌ ገጥሜ ስመልስላት፣

«እስቲ አጥፊው» አልኳት።

ቁልፉን አየችው እንጂ አልነካችውም። ፈገግታዋም ጠፋ።

«ካጠፋሁት ይቆጣኛል።»

ለካ በመርፌ የማይፋቅ ሙጫም አለ። ወንበር ሳብኩላትና «ቁጭ በይ» አልኳት።