አባባ ይርጋና እምቢ ባዮቹ

ልጅ እያለሁ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረው አፓርታማችን ውስጥ፣ አባባ ይርጋ ፊት «የጋራ» የሚባል ቃል አይነሳም ነበር። አባባ ይርጋ ዘመዳችን አልነበሩም፤ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ የጎጃም ሰው ነበሩ። እናቴ ሆቴል ውስጥ የከሰዓት ሺፍት ስለምትሠራ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚቀበሉኝ እሳቸው ነበሩ። በደርግ ጊዜ ጥማድ በሬዎቻቸውን ለአምራቾች ማኅበር አስረክቡ ተብለው በግድ ሰጥተዋል። ቀጥሎ የበኩር ልጃቸው ከገበያ ታፍሶ ጦር ሜዳ ተላከ፤ በዚያው ቀረ። የበሬዎቹን ነገር ባገኙት አጋጣሚ ሁሉ ያነሱት ነበር። የልጃቸውን ነገር ግን እስከዚያ ጊዜ ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ የነገረችኝ እናቴ ናት።

አምስተኛ ክፍል ስደርስ አስተማሪያችን በአሜሪካ ስላሉ ማኅበረሰቦች ሪፖርት እንድናቀርብ ዕጣ አስወጣችን። ለእኔ «ሁተራይት» የሚል ብጣሽ ወረቀት ደረሰኝ። የበሽታ ስም መስሎኝ ነበር። ከላይብረሪ የተዋስኩት መጽሐፍ የእርጥብ ካርቶን ሽታ ነበረው፤ ውስጡ ጥቁር ኮት የለበሱ ወንዶችና ነጠብጣብ ሻሽ ያሰሩ ሴቶች ከስንዴ ማሳ ዳር ተሰልፈው ቆመዋል። ያን ቀን ወጥ ቤት ተቀምጬ፣ አባባ ይርጋ ብርቱካን እየላጡልኝ፣ ያነበብኩትን በተሰባበረው አማርኛዬ እነግራቸው ጀመር።

«አባባ፣ እነዚህ ሰዎች ፋርመር ናቸው። ደወል ሲደወል ሁሉም አንድ አዳራሽ ገብተው ይበላሉ። ትራክተሩን፣ ላሙን፣ ብሩን፣ ሁሉንም ሼር ያደርጋሉ።»

«ሼር ማለት?»

አማርኛው ትዝ ስላለኝ ደስ ብሎኝ፣ «የጋራ!» አልኩ።

ቢላዋው ከእጃቸው ወደቀ። «ዝጊው ይህን መጽሐፍ!» አሉ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ደርግ እዚህም ቀድሞን ደርሷል እንዴ?» እናቴ ከሥራ ስትገባም በር ላይ ጠብቀው፣ «ልጅሽን ካድሬ ሊያደርጉብሽ ነው» አሏት። እናቴ የእሳቸውን ቃል የምትሽር ሴት አይደለችም። ነገ አስተማሪሽን ርዕስ እንድትቀይርልሽ ጠይቂያት አለችኝ።

አልጠየቅኋትም። ዕጣ የወጣው ለእኔ ነው፤ ሰዎቹም የእኔ ናቸው ብዬ እልህ ያዘኝ። መጽሐፉን ምድር ቤት ወዳለው ላውንደሪ ክፍል አወረድኩት። የሞቀ ጨርቅና የሳሙና ሽታ እያወደኝ፣ ሰዎቹ ክርስትናችን አይፈቅድልንም ብለው ጦር መሣሪያ አንይዝም በማለታቸው በአውሮፓ ከአገር ወደ አገር ሲባረሩ እንደኖሩ አነበብኩ። በመጨረሻም የሩሲያ ንጉሥ ወታደር ሁኑ ቢላቸው ባሕር ተሻግረው አሜሪካ መጡ። አሜሪካም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደር ሁኑ አለቻቸው። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ይዤ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁና የአባባ ይርጋን በር አንኳኳሁ።

ገና ሳይቆጡ፣ «አባባ፣ ዩኒፎርም አንለብስም ብለው እኮ እምቢ አሉ!» አልኳቸው።

«እነማን?»

«ሁተራይቶቹ። አስረው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው፤ ዩኒፎርሙንም አጠገባቸው አኖሩላቸው። እየበረዳቸው አልለበሱትም። ሁለት ወንድማማቾች ሞቱ። የአንደኛው ሚስት መጥታ የሬሳ ሳጥኑን ስታስከፍት…» አማርኛው ጠፋኝ። «አባባ፣ ሬሳውን ዩኒፎርም አልብሰውታል።»

አባባ ይርጋ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር ተናገሩ፤ «የኔ ልጅ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። እምቢ የሚልበት ፋታ እንኳ አልሰጡትም። ሬሳውንም አላየሁ» አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቆይተው ግን ጠየቁኝ፤ የእነዚያን ሰዎች በሬስ ማን ነው የሚወስድባቸው? ማንም አልወሰደባቸውም፣ ወደው ነው የሚገቡት፣ ያልፈለገ መውጣት ይችላል አልኳቸው።

«በፈቃድ ከሆነማ ማኅበር ነው» አሉ። «በግድ ሲሆን ነው ዝርፊያ። በይ ሄደሽ ንገሪያቸው፤ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ።»

አስተማሪዬ ረቂቄን አይታ የሬሳውን ታሪክ በቀይ ሰርዛ መለሰችልኝ። ለዕድሜያችሁ የሚሆን አይደለም፣ ስለ አዳራሹና ስለ እርሻው ብቻ ንገሪን አለችኝ። ወላጆች በተጋበዙበት ቀን እናቴ ሺፍቷን የሚቀይራት አጥታ አባባ ይርጋ ከረባት አስረው መጡ፤ ለልጅ በተሠራች ወንበርም ኋላ ተቀመጡ። ተራዬ ሲደርስ ስለ አዳራሹ ተናገርኩ፣ ስለ ስንዴው ተናገርኩ። የተሰረዘው ቦታ ስደርስ ግን አልዘለልኩትም። አስተማሪዬ «ታንክ ዩ፣ ዛት ኢዝ ኢናፍ» ብላ ልታስቆመኝ ሞከረች። ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ። አባባ ይርጋ እንግሊዝኛ አይችሉም፤ «ዩኒፎርም» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ግን የቱ ጋ እንደደረስኩ ገባቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ፤ ጨርሼ እስክቀመጥም ድረስ እንደቆሙ ነበሩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ለማን እንደቆሙ የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን።

ለሪፖርቱ «ሲ» የሚል ውጤት አገኘሁ። እናቴ አዘነች። አባባ ይርጋ ግን ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ላይ ለማያውቁት ሐበሻ ሁሉ «ይቺ ልጅ አንደኛ ወጣች» እያሉ ሲያወሩ ነበር፤ እኔም አላረምኳቸውም።

አሁን እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድርያ በምትባል ከተማ ነው የምኖረው፤ የሁለት ልጆች እናት ሆኛለሁ። አባባ ይርጋ ካረፉ ቆይተዋል። ያኔ አንዲት መጽሐፍ ተውሼ፣ ተደብቄ ያወቅሁትን ነገር የኔ ልጆች በስልካቸው ለማግኘት ሁለት ደቂቃ አይፈጅባቸውም። ደግሞም በእንግሊዝኛ «ኖ» ይሉኛል፤ እናቴ ስትሰማቸው «ባለጌ አድርገሽ አሳደግሻቸው» ትለኛለች። ትበል። እኔ እንኳን ልቆጣቸው ወንበር ስቤ አጠገባቸው እቀመጥና፣ እምቢ ያሉበትን ምክንያት እስከ መጨረሻው እሰማቸዋለሁ።