ያፈረስነው ነደባ

አምና ነው፤ ሙቀቱ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ያለውን ቤታችንን ለመሸጥ ተነሳን። ነገሩን የማልረሳው ልቤ ዛሬም ስላላረፈ ነው።

ባለቤቴ አብዱ አስም አለበት። ከምሲን የሚሉት አቧራማ ነፋስ ሲነሳ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሐኪሙ ከሙቀቱ በፊት ወደ ሐረር እንዲወጣ መከረው። እዚያ ቤት ለመግዛት ይሄኛው መሸጥ ነበረበት። እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ፤ በማግስቱ ደላላ ጠራሁ።

ደላላው ዞር ዞር ብሎ አየና ሳሎኑን ብናድሰው ያወጣነው እጥፍ ሆኖ እንደሚመለስ ነገረን። የሳሎኑን ግማሽ የያዘው ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ፣ ቀይ አፈር የተቀባ ሰፊ መደብ ነበር። ሐረሮች ነደባ ይሉታል፤ ምንጣፍ አንጥፈው ይቀመጡበታል። የአብዱ አባት በእጃቸው የሠሩት ነው። እኔ ግን የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ለእኔ ቦታ የሚበላ መደብ ነበር። አብዱ ሁለት ሌሊት ነደባው ላይ አደረ። በሦስተኛው ቀን "አስፈርሺው" ብሎኝ ወጣ።

ሴራሚክ ተነጠፈ፣ ኮርኒስ ተሠራ፣ ሶፋ ገባ። ቤቱ አማረ፤ ገዢ ግን ጠፋ። የመጣው ሁሉ አይቶ፣ አድንቆ ይሄዳል። እኔ በር በሩን ሳይ፣ አብዱ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል።

አንድ ቀን እዚሁ ጅቡቲ የሚነግዱ አንዲት የሐረር ሴት፣ ሐጂያ፣ ቤቱን ሊያዩ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ሳሎኑን ቃኙት።

"ልጄ፣ ነደባው የታለ?" አሉኝ።

ቤቱን ለማሳመር ብለን እንዳፈረስነው ነገርኳቸው።

"እኔ እኮ የመጣሁት እሱ አለ ተብዬ ነው።"

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ሐጂያን ሳናሳዝናቸው አልቀረንም፤ ነደባውን መልሰን ከሠራነው ቤቱን እንደሚገዙት ቃል ገቡልን።

አብዱ ሠራተኛ አይገባም አለ። ሴራሚኩን ነቅሎ፣ ድንጋዩን ደርድሮ፣ ጭቃውን አቡክቶ ራሱ ሠራው። አቧራው ሲያስለው ተው ብዬ እለምነዋለሁ፤ አይሰማኝም። በሦስት ሳምንት ጨርሶ ቀይ አፈር ቀባው። ሐጂያ ቀብድ ይዘው ሲመጡ እዚያው ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው።

"ይቅር ይበሉኝ ሐጂያ፣ አልሸጥም" አላቸው። "አባቴ ምን ያህል እንደለፋበት አሁን ነው የገባኝ።"

እሳቸው አልተቆጡም፤ ከጎኑ ተቀምጠው ሻይ ጠጥተው ሄዱ። የተቆጣሁት እኔ ነኝ። ስንት ቀን አኮረፍኩት።

ለማፍረስም ለመሥራትም ገንዘብ አወጣን። ደላላው እንደሚለው ቤቱ አሁን ቢሸጥ ሳይታደስ በፊት የሚያወጣውን እንኳ አያወጣም። አብዱን ግን እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ይሄን ደግሞ መካድ አልችልም።

የአምናውን ሙቀት እንደምንም አለፍነው፣ የዘንድሮው ጀምሯል። እሱ ነደባው ላይ ጋደም ሲል ጓዳ ሆኜ ፉጨት እሰማለሁ። አብዱ ደስ ሲለው ያፏጫል፤ ደረቱ ሲታፈንም ያፏጫል። የቱ እንደሆነ ለማየት ሥራዬን ጥዬ እሮጣለሁ።