አጎቴ ሊፈርሙት የነበረው ቅጽ

ከነታንያ የተነሳሁት ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ወርቁ፣ ቂርያት ጋት በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት አንድ ቅጽ ሊፈርሙ ነውና ሳይፈርሙ ልደርስባቸው ፈልጌ ነበር። ከጎንደር በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የመጡበትን መንገድ ጎልማሳ ሳሉ በካሴት ቀድተውት ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ያንን ወደ ዲጂታል ቀይሮ በኢንተርኔት ሊያወጣላቸው ነው፤ ያውም በነፃ። እኔ ደግሞ ነፃ ሲሉኝ ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ የምይዝ ሰው ነኝ። ጠርጥር፣ ከገንፎ አይጠፋም ስንጥር።

ለእናቴ አጎቴን ልጠይቅ ነው ብቻ አልኳት።

ቴል አቪቭ ባቡር ቀየርኩ። ጣቢያው ላይ የገዛሁት ቡሬካስ የሚሉት የአይብ ሳምቡሳ ቀዝቃዛ ነበር፤ ዋጋው ግን የትኩስ ነው። ከጎኔ አንድ ወታደር ጠመንጃውን ታቅፎ ተኝቷል። ቅጹን ስልኬ ላይ ደጋግሜ አነበብኩት። «ለሕዝብ ክፍት» ይላል። ለየትኛው ሕዝብ? የቂርያት ጋት አዲሱ ሰፈር፣ የካርሜ ጋት ፎቆች ብቅ ሲሉ ገና መልስ አላገኘሁም ነበር።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ቤተ መጻሕፍቱ

አጎቴ ቀድመውኝ ደርሰው እስክሪብቶ ይዘዋል። ያስተናገደችን ሠራተኛ ኦሪት እዚሁ አገር የተወለደች የእኛው ልጅ ናት።

«መንግሥት የዲጂታል መረጃ ፖሊሲ እያረቀቀ ነው» አለችኝ። «ስፍሪዮት ሁሉ፣ ቤተ መጻሕፍቶች ማለቴ፣ አስተያየት ላኩ ተብለናል። እኛ ካልጻፍን ስለ እናንተ ካሴት ማን ያስባል?»

«ከወጣ በኋላ ማን ይሰማዋል?»

«ኩላም። ሁሉም ሰው።»

«እሱን ነው የፈራሁት።»

አጎቴ ሳቁ። «አንቺማ ጥላሽንም አታምኚም። ድምፁ የኔ፣ ፈራሚው እኔ፤ አንቺን ምን ጨነቀሽ?»

ይሁን፣ ግን መጀመሪያ እንስማው አልኩ። ለካ ከቤተሰቡ ማንም ሰምቶት አያውቅም። ኦሪት ማጫወቻውን ከፈተች። መንገዱ፣ ውኃ ጥሙ፣ ሽፍታው። ከዚያ የአጎቴ ድምፅ፦ «አዲሱን ገዳሪፍ ቀበርነው።»

አዲሱ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። እናቴ የምታውቀው ሱዳን ላይ ጠፍቶ መቅረቱን ብቻ ነው። በሱዳን በኩል የመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር እስከ ዛሬ ትጠይቃለች።

«እናቴ እኮ መርዶ አልተነገራትም» አልኩ።

አጎቴ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። «ይህን ማለቴንም ረስቼዋለሁ። እሷ ከእኛ ኋላ ስትመጣ ደክማ ነበር፤ ትረፍ አልን። ከዚያ ሠርግ ሆነ፣ ከዚያ አንቺ ተወለድሽ። መርዶ ደግሞ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ማለዳው ሳይመች ሳይመች ዕድሜያችን ሄደ።»

ከጠዋት ጀምሮ መንግሥትን፣ ኢንተርኔትንና ይቺን ልጅ ስጠረጥር የተደበቀው ነገር ቤታችን ውስጥ ነበር። በጣም ተናደድኩ። በሽማግሌ ላይ መናደዴም አሳፈረኝ።

ኦሪት ቅጹን ከፊታቸው አነሳችው። «የፖሊሲው ረቂቅ የሚያውቀው ክፍትና ዝግ ብቻ ነው» አለችና ወደምትልከው አስተያየት ተመለሰች። እያነበበችልን ጻፈች፦ «በቅጂው ውስጥ ሞቱ የተነገረ ሰው ካለ፣ ቤተሰቡ መርዶውን መስማቱን ቤተ መጻሕፍቱ ሳያጣራ አይከፈት።»

አሁንም ሙሉ ለሙሉ አላመንኳትም። የጻፈችውን አትማ እንድትሰጠኝ ጠየቅኳት፤ ሰጠችኝ።

ስምንት ሰዓት፣ መልስ

አጎቴ አብረውኝ ተሳፈሩ። ዛሬን ዝም ብለን፣ ነታንያ ያሉትን ዘመዶች ጠርተን፣ ነገ ሲነጋ ልንነግራት ተስማማን። እስከዚያው ዓይናቸውን ሊታከሙ መጡ እንላለን። ባቡሩ ውስጥ ውሸቱን ሁለት ጊዜ ተለማመድነው።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ የቤታችንን ነገር ባዕድ እንዳይሰማው ስንከላከል፣ መስማት የሚገባው ሰው መስማቱን አንጠይቅም።

እናቴ በሩን ከፈተችልን። ወንድሟን ሳመች፣ ስለ ዓይን ሐኪሙ የምንለውን እስከ መጨረሻው ሰማች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ እርስዎ ሳይደውሉ መጥተው አያውቁም» አለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አዲሱን የት ነው የቀበራችሁት?»